የጉድባ ሜዳ ስም ዝርዝር

ጉድባ ሜዳ ሜዳ ከመሆኑ በፊት ስሙ እንደሚለው ጉድባ ነበር። ከእንጦጦ የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ስንት ዘመን ሲቦረቡረው የኖረ፣ የሞተ ውሻና የተሰበረ ገንቦ የሚጣልበት፣ ልጅ የገባበት እንደሆነ እናቱ አርጩሜ ይዛ የምታወጣው ቦታ ነው። ከሽሮ ሜዳ ገበያ ዝቅ ብሎ፣ ከሸማኔዎቹ መንደር ጀርባ። ይሄን ጉድባ ሞልቶ የኳስ ሜዳ የማድረጉን ነገር ያነሱት ጋሽ ሾዴ ናቸው። ያስጨረሰችው ግን ብርቅነሽ ናት።

ጋሽ ሾዴ በልጅነታቸው ከጨንቻ መጥተው ጉለሌ የቀሩ ሸማኔ ናቸው። ሸማኔ ሲሠራ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ነው። መርገጫውን እዚያ ሆኖ እየረገጠ፣ ከወገቡ በላይ ብቻ ከሰው እኩል ሆኖ ይውላል። የሸማኔ ልጅ ደግሞ ስድስት ሰባት ዓመት ሲሞላው ማጉን ቀሰም ላይ ማጠንጠን ይጀምራል፤ አሥር ሲሞላው እሱም ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን ጋሽ ሾዴ ከብርቅነሽ ማግ ሊወስዱ መጥተው ደጃፏ ላይ ቁጭ እንዳሉ፣ “እኔ ከጉድጓድ ሳልወጣ አረጀሁ፤ እነዚህ ልጆች በቀን አንድ ሰዓት እንኳ እግራቸው ቢፈታ ምናለ” አሉ። ነገሩ ለሳቸው ምሬት ነበር። ለብርቅነሽ ግን ሥራ ሆነባት።

ብርቅነሽ ጥጥ ፈታይ ናት። እዚያው ጉለሌ ተወልዳ ያደገች፣ ባሏ በጊዜ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች። እንዝርቷ ከእጇ አይለይም፤ ቆማም ትፈትላለች፣ መንገድ ስትሄድም ትፈትላለች። አንድ ነገር እንቢ ካለች ደግሞ እንቢ ነው፤ ሰፈሩ ያውቃታል። በስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት ቅርጫት ይዛ ጉድባው አፍ ላይ ቆመችና ከጋሽ ሾዴ ጋር አፈር መድፋት ጀመረች። ጎረቤት ሳቀ። አንዷ እንዲያውም ለራስሽ መቃብር ነው እንዴ የምታዘጋጂው አለቻት። ብርቅነሽ ቀና ብላ፣ መቃብር ቢሆን ይሄን ሁሉ አፈር ማን ይሸከም ነበር፣ ብላ ሥራዋን ቀጠለች። በሦስተኛው ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰው ሆኑ።

ከዚያ ያ ክፉ ዘመን መጣ። ሰው ሦስት ሆኖ መቆም ፈራ። ለምን ተሰበሰባችሁ የሚል ስለበዛ ሰዉ ሁለት ሁለት እየሆነ፣ አንዱ ሲሄድ ሌላው እየመጣ ድንጋይ ያወርድ ነበር። አንድ ጠዋት ብርቅነሽ ቅርጫቷን ይዛ ስትደርስ ጉድባው ውስጥ ሁለት ወጣቶች ተጥለው አገኘች። አንደኛው ጫማ አልነበረውም። የማን ልጆች እንደሆኑ የሰፈሩ ሰው አላወቀም፤ ያወቀም ቢኖር አልተናገረም። ማልቀስም ክልክል ነበርና ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆመች። ረፋዱ ላይ መኪና መጥቶ አነሳቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ኳስ የሚያወራ ሰው ጠፋ። ሰዉ ዝም ብሎ አፈር ይሞላል። ቅዳሜ ብቻ መሆኑ ቀረና በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት ቀን ሆነ። ለምን እንደዚያ እንደተጣደፉ ማንም ማንንም አልጠየቀም።

በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ጉድባው ተደፈነ። ሴቶቹ ዙሪያውን ጽድና ወይራ ተከሉበት፤ ለችግኙ ውኃ ከወንዝ በእንስራ ይመላለስ ነበር። ሁለቱን ጎሎች ከባሕር ዛፍ አቆሟቸው። መረቡን ሸማኔዎቹ ከተረፈ ድር ቋጥረው ሠሩት። ማሊያ ከየት ይምጣ ሲባል ጋሽ ሾዴ ራሳቸው ሸመኑት፤ ነጭ ሆኖ አንገቱ ላይ ቀይ ጥለት አለው። ዝናብ ሲመታው ግን ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ልጆቹ ወደ ማብቂያው ላይ እየጎተቱት ነበር የሚሮጡት። የጳውሎስ ሰፈር ልጆች ሊጋጠሙ መጥተው ባዩአቸው ጊዜ፣ ጋቢ ለብሰው መጡ፣ ልቅሶ ላይ ነው እንዴ የጠራችሁን እያሉ ተሳለቁባቸው። ያን ቀን የጉድባ ልጆች ሦስት ለባዶ አሸነፉ። ጋቢው ከዚያ ወዲያ ስማቸው ሆነ።

ኳሱ የሚያድረው ብርቅነሽ ቤት ነው። ስለ ጨዋታው ብዙም አታውቅም፤ ኦፍሳይድ የሚሉት ነገር እስከ መጨረሻው አልገባትም። የምታውቀው ልጆቹን ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ በየሸማኔው ደጅ ትሄድና ቆማ ትፈትላለች። ምን ፈለግሽ ሲሏት ልጁን ትላለች። ጥለቱን ይጨርስ ሲሏት ይጨርስ ትልና እንዝርቷን እያሾረች መቆሟን ትቀጥላለች። ሸማኔው መጨረሻ ላይ ሰልችቶት ልጁን ይለቀዋል። የሰፈር አላጋጮች የኳስ እናት ይሏት ነበር። መጀመሪያ ላይ ትቆጣ ነበር፤ ኋላ ተወችው።

አንድ ነገር ብቻ ይቆጠቁጣት ነበር። ቦታው የልጆች መጫወቻ ነው የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት የላቸውም። ስድስት ዓመት ሙሉ ቀበሌ ተመላልሳለች። ነገ ነይ፣ ሰኞ ነይ፣ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ነይ። የቀበሌው ሊቀመንበር ግዛቸው ክፉ ሰው አልነበረም። ድሮ ጎሚስታ ቤት የሚሠራ፣ የሰፈሩ ልጅ ነው፤ እሱም ራሱ በመጀመሪያው ዓመት ድንጋይ ተሸክሟል። ልጁ አምኃም ከጉድባ ተጫዋቾች አንዱ ነው። ማኅተሙን ግን አልሰጣትም።

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ ግዛቸው መንገድ ላይ አገኛትና ፈገግ ብሎ አስቆማት። ከበላይ ለየሰፈሩ ቡድን ማሊያና የኳስ ጫማ ሊታደል ስለሆነ የትልልቆቹን ልጆች ስም ከነአባታቸው፣ ከነዕድሜያቸው፣ ከነቁመታቸው ጽፋ እንድታመጣ ነገራት። ብርቅነሽ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ልጆቹ ባዶ እግራቸውን ወይም በበረባሶ ነበር የሚጫወቱት፤ ጥፍሩ ያልተነቀለ የለም። ግማሾቹ ከጨንቻ መጥተው አሠሪ ሸማኔዎቻቸው ቤት የሚያድሩ፣ በማንም መዝገብ ያልገቡ ልጆች ናቸው። የቀሩትንም ቢሆን ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ እናቶቻቸው፣ ልጆቹ አገር ቤት ሄደዋል እያሉ ከቀበሌው የቤተሰብ መዝገብ አስወጥተዋቸዋል። ሁሉም በአንድ ላይ የሚታዩት ጉድባ ሜዳ ላይ ብቻ ነው። ይሄን ብርቅነሽ ታውቃለች። የኳስ ጫማ ሲባል ግን ረሳችው።

ቁመታቸውን የለኩላት ጋሽ ሾዴ ናቸው፣ በሸማኔ ልክ፣ በክንድና በስንዝር። ብርቅነሽ መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል ቆጥራለችና ራሷ ጻፈችው። ሃያ ሁለት ስም ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀባት።

በዚያው ሰሞን ሌላም ወረቀት ጽፋ ነበር። በየዓመቱ ጨዋታ ሊጀመር ሲል የልጆቹን የክርስትና ስም ለንስሐ አባቷ ለቄስ ሀብተ ጊዮርጊስ ትሰጣለች፤ እሳቸው በጸሎት ያስቧቸዋል። በጸሎት ሰው የሚጠራው ሲጠመቅ በወጣለት ስም እንጂ ሰፈር በሚጠራበት ስም አይደለም። ብርቅነሽ እነዚያን ስሞች ከየእናቱ ለቅማ ነው ያገኘቻቸው። አንዳንዱ ልጅ የራሱን የክርስትና ስም አያውቅም፤ እሷ ግን ታውቅለታለች። ያንንም በዚያው ደብተር ቅጠል ላይ ጽፋ፣ በዚያው አስተጣጠፍ አጥፋ ሁለቱንም መቀነቷ ውስጥ ቋጠረቻቸው።

የጥቅምት ጊዮርጊስ ዕለት በጠዋት መጀመሪያ ቀበሌ ገባች። ስኳር የሚታደልበት ቀን ስለሆነ ሰልፉ በሩን ዘግቶታል። ጸሐፊው ጉልላት በሰው ራስ ላይ እጁን ዘረጋ፤ እሷም ከመቀነቷ አንዱን ወረቀት ስባ ሰጠችው። እሱም ሳይዘረጋው መሳቢያ ውስጥ ጣለው። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቅዳሴው እንዳለቀ ቄስ ሀብተ ጊዮርጊስ ዛፍ ሥር ተቀምጠው መነጽራቸውን አደረጉና ወረቀቱን ገለጡት። አነበቡ። ደግመው አነበቡ።

“ጉታ ዋቅጋሪ፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሦስት ክንድ ተኩል” አሉ። “ልጄ፣ አሁን ጸሎቱ በክንድ ሆነ እንዴ?”

ብርቅነሽ ደነገጠች፣ ከዚያም ሣቀች። የቀበሌው ነው አባቴ፣ ተለዋውጦብኝ ነው፣ አሁኑኑ ሮጬ ልቀይረው ብላ እጇን ዘረጋች። ቄሱ ግን ወረቀቱን አልሰጧትም። ማን ነው ዕድሜና ቁመት የጠየቀሽ አሉ። ስለ ማሊያው ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ቀስ ብለው በቀሚሳቸው ጠረጉት። የእህታቸው ልጅ በሌላ ሰፈር ለስፖርት ተመዝገቡ ተብሎ እንደተመዘገበ፣ በሳምንቱ የጭነት መኪና መጥቶ በስም እየጠራ እንደወሰዳቸው፣ ካርታ ላይ እንኳ የት እንዳለ ከማያውቁት ሰሜን ግንባር አንድ ደብዳቤ መጥቶ ከዚያ ወዲህ ምንም እንዳልተሰማ ነገሯት።

“ማሊያ የሚሰጥ ሰው ቁመት ይጠይቃል፤ እሺ” አሉ። “ግን ዕድሜያቸው ምን ያደርግለታል?”

ወረቀቱን ያኔ ሰጧት። ብርቅነሽ ቤቷ ይዛው ገባችና ምድጃው ውስጥ ከተተችው። እስኪነድ ቁጭ ብላ አየችው። ሃያ ሁለቱን ልጆች በገዛ እጇ ክንድ ከስንዝር ጽፋ አሳልፋ ልትሰጣቸው ነበር።

በሦስተኛው ቀን የቀበሌው ዘብ መጥቶ ትፈለጊያለሽ አላት። ጉልላት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠበቃት። አጠገቡ ያሉት የኮሚቴ አባላት ሳቃቸውን ይዘዋል። እትዬ ብርቅነሽ፣ ይሄ የደብረ ሊባኖስ ገዳም ነው ወይስ የኳስ ቡድን አላት፤ አራት ገብረ ማርያም፣ ሦስት ወልደ ሥላሴ፣ አምስት ኃይለ ጊዮርጊስ፤ በረኛውስ አቡኑ ናቸው? ብርቅነሽ ፊቷን ሳትለውጥ፣ ስማቸው ነው አለች፤ ጠበል ተረጭተው የወጣላቸው ስም ነው። የአባታቸው ስም የለም አላት። በዚያኛው ስም አባት አይጠራም አለችው። ዕድሜያቸውስ ሲላት፣ እኔ መሠረተ ትምህርት ነው የተማርኩት፣ ቁጥሩ ላይ ደካማ ነኝ አለች። በሰፈሩ ውስጥ ገብረ ማርያም ተብሎ የሚጠራ አንድም ወጣት እንደሌለ እሱም እሷም ያውቃሉ። ጉልላት ሳቁ አለቀበትና ሂጂ አላት።

በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ ግዛቸው ብቻውን ሜዳው ድረስ መጣ። ልጆቹ ገና አልተሰበሰቡም። ብርቅነሽ ከወይራው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች። አጠገቧ ሌላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ወረቀቱን ከኮቱ ኪስ አወጣ። አልተቆጣም። ቀስ ብሎ ነበር የሚያወራት። ለግንባር ኮታ ሃምሳ ሰው በሁለት ሳምንት አምጣ ተብሏል፤ ካላመጣ እሱ ራሱ ነው የሚሄደው። እስካሁን ያገኘው ዘጠኝ ነው። ቤት ለቤት ቢዞር ልጅ የለንም ነው የሚሉት፤ ሰፈሩ በሙሉ ሽማግሌና ሕፃን ብቻ ሆኗል። ከዚያ ሌላ ወረቀት አወጣ። በመኪና የተመታ ጽሑፍ ነው፤ ከታች ክብ ማኅተም አርፎበታል። ፊቷ ላይ ዘረጋላት። ጉድባ ሜዳ የወጣቶች መጫወቻ ሆኖ ለዘለቄታው ተፈቅዷል ይላል። ብርቅነሽ ፊደል በፊደል እየቆጠረች አነበበችው። ስድስት ዓመት የተመላለሰችበት ነው። ክቡ ማኅተም ሰማያዊ ነበር። እንዝርቷ ቆመ።

“ልጆቹን የሚያውቃቸው ሰው አንቺ ብቻ ነሽ፣ እትዬ ብርቅነሽ” አላት። “ትክክለኛ ስማቸውን ጻፊልኝ። ይሄ ደግሞ ያንቺ ነው።”

“ሁሉንም ልጻፍ?”

“ሁሉንም።”

“እሺ” አለች። “እስክሪብቶህን ስጠኝ። ተራ ቁጥር አንድ አምኃ ግዛቸው ብዬ ነው የምጀምረው።”

ግዛቸው የዘረጋውን ወረቀት ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ አምኃ ገና ልጅ ነው አላት፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

“አሥራ ስምንት ሞልቶታል። እናቱ ስታምጥ ውኃ ያፈላሁት እኔ ነኝ። ሌላ ስም ከጻፍኩ የሱንም እጽፋለሁ፤ አንዱን ለይቼ መጻፍ አልችልበትም።”

አንድ ሁለት ልጆች ከሩቅ ብቅ አሉና ሊቀመንበሩን ሲያዩ ተመለሱ። ግዛቸው ማኅተም ያለበትን ወረቀት መልሶ አጠፈና ኪሱ አስገባው። ሲነሳ እርስዎ ብሎ ነው ያናገራት፤ እንደ ባዳ። እሺ እትዬ፣ ስም የለም እንበል፤ ስም የሌለው ሰው የሚጫወትበት ሜዳ ግን የእርስዎ አይደለም፣ ቀበሌው እጁን ከሱ ላይ ያነሣል፣ ከዚህ በኋላ ሜዳው ላይ ማን መጥቶ ማንን እንደሚከብብ እኔ አላውቅም አላት። ዛቻም ነበር። ግን ብርቅነሽ ስትሰማው ማስጠንቀቂያም እንደሆነ ገባት። ሜዳው እዚያው ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ልጆቹ በሙሉ አንድ ቦታ ይገኛሉ። ስም የሚያስፈልገው ማን ነው?

ወዲያው ጋሽ ሾዴ ቤት ሄደች። ከነገ ጀምሮ ማንም ልጅ ሜዳው ላይ እንዳይታይ፣ ትልልቆቹ ከሰፈርም ራቅ እንዲሉ፣ የጨንቻዎቹ አገራቸው እንዲገቡ ነገረቻቸው። ጋሽ ሾዴ እጃቸውን ከሽመናው ሳያነሱ ሰሟት። ጉድጓዳቸው ውስጥ ሆነው ወደ ላይ አንጋጠው አዩዋት።

“ባዶ ካደረግነውማ ባዶ መሬት ነው ብለው ይወስዱታል” አሉ። “አሥራ አንድ ዓመት ነው ብርቅነሽ። ያን ሁለት ልጆች ያገኘሽ ጊዜ እንኳ አላቆምሽም።”

“ያን ጊዜማ በሬሳ የሞሉት ሌሎች ሰዎች ናቸው ጋሼ። አሁን ብንሞላው የምንሞላው በኛ ልጆች ነው።”

ጋሽ ሾዴ ማታውን ልጃቸውንና ሽመና የሚያስተምሯቸውን ሦስት ልጆች ወደ ጨንቻ የሚሄድ አውቶቡስ እንዲይዙ አዘዟቸው። ብርቅነሽ በየደጁ ዞረች። እስከዚያ ቀን ልጆቹን ከየቤቱ ለማስወጣት የቆመችበት ደጅ ነው፤ አሁን እንዳይወጡ ለመንገር ቆመችበት። አንዷ እናት አቅፋ ሳመቻት። ሌላው ሸማኔ፣ ተይው ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩሽ፣ ድሮ ብትሰሚኝ ኖሮ ልጄን ማንም አያውቀውም ነበር ብሎ በሩን ዘጋባት። እውነቱን ነው ብላ ሄደች። አምኃንም አባቱ በሳምንቱ ጅማ አጎቱ ጋ ሰደደው አሉ።

የመጨረሻ የደረሰችው ጉታ ጋ ነው። ጉታ የዋቅጋሪ ልጅ ነው። አባቱ ሸጎሌ ከብት ገበያ በግ የሚነግድ፣ ቀኑን ሙሉ እዚያ የሚውል፣ ጥቂት የሚናገር ሰው ነው። ልጁ ደግሞ ሳቂታ ነው፤ ኳስ ከነጠቀው ሰው ጋር ራሱ ይስቃል። አጥር ላይ ተደግፎ ሰማት። እሑድ ከጳውሎስ ልጆች ጋር ቀጠሮ እንዳላቸው አስታወሳት። የለም አለችው፤ እሑድ ጨዋታ የለም። ታዲያ እሑድ ምን ልሥራ ሲላት፣ ሜዳው አካባቢ እንዳላይህ፣ ሌላ ቦታ ዋል፣ አባትህን አግዘው አለችው። እሺ እትዬ አላት።

እሑድ ዕለት ሜዳው ባዶ ዋለ። ብርቅነሽ ከድንጋዩ ላይ ሆና ብቻዋን ፈተለች። መኪና ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም። ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር የሰማችው። መኪናዎቹ የሄዱት ሸጎሌ ነው። የከብት ገበያውን ከበው የተገኘውን ወጣት ሁሉ ነው ያፈሱት፤ የማን ሰፈር፣ የማን ቀበሌ የሚል ጥያቄ አልነበረም። በግ ጎታቹን፣ ገመድ ሻጩን፣ ከአገር ቤት በሬ ነድቶ የመጣውን። አንዱ በሬውን ለማን ልስጥ እያለ መኪናው ላይ ተጫነ ተባለ። ጉታንም ከአባቱ አጠገብ፣ የበግ ጆሮ እንደያዘ ወሰዱት።

ብርቅነሽ የዚያን ቀን ዋቅጋሪ ቤት ሄደች። ሚስቱን አገኘቻት፤ አብረው አለቀሱ። ዋቅጋሪ ግን አልነበረም። ልጁን የያዘውን ካምፕ ፍለጋ ከበር በር እየዞረ ነው አሏት። በበነጋውም ሄደች፤ የለም። በሦስተኛው ቀንም። የምትለውን በልቧ ደጋግማ ነበር የምትሄደው፤ ሲታጣ ደግሞ እየቀለላት ትመለስ ነበር፤ እንደቀለላት ሲታወቃት ታፍር ነበር። ሃያ አንዱ ልጆች አልተያዙም። ሰዉ ደግ አደረግሽ ይላታል። ከሸጎሌ የተጫኑት ግን ስንት እናት ነው ያላቸው? እሷ ስማቸውን የማታውቅላቸው፣ የክርስትና ስማቸውን ከማንም ያልለቀመችላቸው። ኮታው በነሱ ሞላ። ይሄን ለንስሐ አባቷ ነገረቻቸው። ቄስ ሀብተ ጊዮርጊስም፣ ይሄ ያንቺ ኃጢአት አይደለም ልጄ አሏት። እሷም አይደለም አባቴ አለች። ሁለቱም ግን ቶሎ አልተነሱም።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ግዛቸው እንዳለው ሆነ። ቦታው ሥራ ፈትቷል፣ የቀበሌው አትክልት ማልሚያ ይሆናል ተባለ። ከየቤቱ አንድ ሰው ዶማ ይዞ ቅዳሜ ይውጣ፣ ያልወጣ ስኳር አይወስድም። ቅዳሜ ጠዋት ሰዉ ወጣ። ያንኑ ጉድባ የሞላው ሰው ነው፤ አንዳንዱ ዶማው ራሱ ያው ዶማ ነው። ጋሽ ሾዴ መረቡን ቋጠሮ በቋጠሮ እየፈቱ ድሩን መልሰው ጠቀለሉት። ግዛቸው ከዳር ቆሞ ነበር። ማንንም አላዘዘም፤ ጎሎቹ ሲነቀሉ ፊቱን አዞረ። ብርቅነሽም ዶማዋን ይዛ ወጣች። አልወጣም ልትል አስባ ነበር። ኋላ ግን ሌላ ሰው ከሚቆፍረው ብላ መጣች።

ዋቅጋሪ የመጣው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው። ከስቷል። ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ በሰዉ መሐል ቀጥ ብሎ ወደ እሷ መጣ። ሰዉ መቆፈሩን ትቶ አያቸው። ብርቅነሽ ዶማዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

“ኦቦ ዋቅጋሪ” አለች። “እሑድ አትምጣ ያልኩት እኔ ነኝ። አባትህ ጋ ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ።”

“አውቃለሁ” አላት። “ነግሮኛል።”

ሌላ ነገር የሚናገር መስሏት ጠበቀች። ዋቅጋሪ ሜዳውን እያየ ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር፣ የተቆፈረውንም ያልተቆፈረውንም።

“እሑድ እሑድ እኔ ገበያ ነኝ” አለ። “አንድ ቀን እንኳ ሲጫወት አላየሁትም። የት ነበር የሚቆመው?”

ብርቅነሽ ቀደም ብላ ሄደች፤ እሱ ተከተላት። ከነበረው ጎል ፊት ለፊት፣ ወደ ግራ፣ ወደ ወይራዎቹ ጠጋ ብሎ አንድ ቦታ አለ። ሣር የለውም፤ ኳስ እስኪመጣ አንድ ቦታ ላይ እየተመላለሰ እግሩ ያራቆተው መሬት ነው። እዚህ አለችው። እዚህ ሆኖ ነው የሚጠብቀው፤ ከኋላው ማንም አያልፍም።

ዋቅጋሪ ቦታው ላይ ቆመ። ከዚያ ሆኖ ምን እንደሚታይ እንደሚያይ ሰው ወደ ፊት ተመለከተ። ሽሮ ሜዳ፣ የሸማኔዎቹ ጣራ፣ ከላይ እንጦጦ።

“ደስ ብሎኝ ነበር እኮ” አለ ወደ እሷ ሳይዞር። “ያን እሑድ። ከኔ ጋር ገበያ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። መንገዱን ሙሉ ስለ ኳስ ሲያወራኝ ሄድን።”

ዋቅጋሪ ዶማውን ከትከሻው አወረደ። አንድ ጎረቤት ሊቆፍር ጠጋ ሲል በእጁ ከለከለው፤ ይቺን ለኔ ተዉልኝ አለ። እና ቆፈረ፣ ቀስ እያለ፣ አፈሩን እያላላ፣ ጓሉን በእጁ እያደቀቀ፣ ለራሱ ጓሮ እንደሚሠራ ሰው። ብርቅነሽ ትንሽ ቆማ አየችው። ከዚያ ዶማዋን አነሳችና አጠገቡ ካለው መሬት ጀመረች፤ እኩለ ቀን እስኪሆን ሁለቱም ቀና አላሉም።